ስሞቹ የሰው ናቸው

ምሥራቅ ሱዳን ገዳሪፍ ከተማ ውስጥ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሱቅ ያላት ኢትዮጵያዊት፣ ሱቋን ዘግታ በገላባት በኩል ወደ መተማ ልትሻገር ተዘጋጅታለች። የምታነጋግራቸው ከደርግ ዘመን ጀምሮ በዚያው ከተማ ሬዲዮ፣ ቴሌቪዥን፣ በኋላም ኮምፒውተር ሲጠግኑ የኖሩ አዛውንት ናቸው።

ባለሱቋ፦ ጋሼ፣ በወሩ መጨረሻ ሱቁን እዘጋለሁ። ጠረጴዛና ወንበሩን የሚገዛ ተገኝቷል። የቀሩኝ ሁለቱ ሲፒዩ፣ የማይነሣው ላፕቶፕ፣ ያ ሆዳሙ ሞኒተር፣ ዩፒኤሱና ፎቶ ኮፒው ናቸው። ኹርዳ የሚባለውን አሮጌ ብረታ ብረት የሚሰበስበው ልጅ በአህያ ጋሪው መጥቶ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ልጫንልሽ ብሎኛል። የሚሰጠኝ ገንዘብ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ግን አከራዩ ቁልፉን እየጠበቀኝ ነው።

ጠጋኙ፦ ከመጫኑ በፊት አንድ ነገር ንገሪኝ። በነዚያ ሲፒዩዎች ምን ስትሠሪባቸው ኖርሽ?

ባለሱቋ፦ የሚያውቁትን ነዋ። ማመልከቻ እጽፋለሁ፤ ለስደተኞች ኮሚሽን፣ ለዩኤንኤችሲአር፣ ለየኤምባሲው። ጉርድ ፎቶ አነሣለሁ። ፓስፖርት፣ የልደትና የጋብቻ ወረቀት ስካን አደርጋለሁ። ካናዳ የሚወስዳቸው ዘመድ ላገኙ ሰዎች ፎርም እሞላለሁ። የዕድራችን መዝገብም እዚያው ነው ያለው።

ጠጋኙ፦ በይ እንግዲህ ከዚህ እንጀምር። ሲፒዩው ያንቺ ነው፤ በገንዘብሽ ገዝተሽዋል። እዚያ ውስጥ ያሉት ስሞች ግን የሰው ናቸው። ያንቺን መሸጥ ትችያለሽ፤ የሰውን አትችይም።

ባለሱቋ፦ የሰው መች ሸጥኩ ጋሼ? ትናንት ማታ ቁጭ ብዬ ሁሉንም አጥፍቻለሁ። ፎልደሮቹን ዲሊት አደረግሁ፤ ሪሳይክል ቢኑንም ባዶ አደረግሁ።

ጠጋኙ፦ አላጠፋሽውም። የዕድር ጸሐፊ የአንድን አባል ስም ከመዝገቡ ማውጫ ላይ ሰርዞ፣ የአባሉን ገጽ ግን ሳይቀድድ ቢተወው ገጹ አለ አይደል? ኮምፒውተርም ዲሊት ሲባል የሚሰርዘው ማውጫውን ነው። ደብዳቤው፣ ፎቶው፣ ፓስፖርቱ ዲስኩ ላይ በቦታው ይቆያል፤ ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ። ያን የሚያወጣ ፕሮግራም ደግሞ በነፃ ይገኛል። እኔ ራሴ በስሕተት የጠፋባቸው ሰዎች ሲመጡ የምመልስላቸው በዚያ ነው።

ባለሱቋ፦ ፎርማት ባደርገውስ?

ጠጋኙ፦ ፈጣኑ ፎርማትም እንደዚያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ሲምሰን ጋርፊንክልና አቢ ሼላት የተባሉ የኤምአይቲ ተመራማሪዎች ያወጡትን ጥናት ለብዙ ደንበኞቼ ነግሬያለሁ። አሜሪካ ውስጥ 158 ያገለገሉ ሃርድ ዲስኮች ገዙ። 129ኙ ይሠሩ ነበር። በአግባቡ ተጠርገው የተገኙት 12 ብቻ ናቸው። ሌሎቹ ላይ የሕክምና መረጃ፣ የግል ደብዳቤ፣ ከ5,000 በላይ የክሬዲት ካርድ ቁጥር ተገኘ። ሻጮቹ ብዙዎቹ እንዳንቺው አጥፍተናል ብለው ሳያምኑ አልቀሩም።

ባለሱቋ፦ የኔ ዊንዶውስ እኮ የይለፍ ቃል አለው።

ጠጋኙ፦ የይለፍ ቃሉ የሚጠብቅሽ ዲስኩ ከሣጥኑ እስኪወጣ ነው። አራት ብሎን ፈትቶ ሌላ ኮምፒውተር ላይ የሰካው ሰው ማንም የይለፍ ቃል አይጠይቀውም።

ባለሱቋ፦ እሺ፤ ግን እውነቱን ይንገሩኝ። ገዳሪፍ ላይ ማን ነው ጊዜ አግኝቶ የኔን ዲስክ የሚበረብረው? እዚህ ሰው የሚያስበው ስለ ሰሊጡና ስለ ማሽላው ዋጋ፣ ስለ ውኃ፣ ስለ ጦርነቱ ነው።

ጠጋኙ፦ ገዳሪፍ ስለሆነ ነው የምፈራው። ሌላ ከተማ ቢሆን ምናልባት ቀለል አድርጌ አየው ነበር። ይህ አገር የሰው ማንነት ሲታወቅ ምን እንደሚመጣ ያየ አገር ነው። እኔ በ1977 እዚሁ ነበርኩ፤ ጎልማሳ ነኝ ያኔ። ከጎንደር በኩል በእግራቸው የመጡ ቤተ እስራኤሎች ኡም ራኩባ ካምፕ ሰፍረው ነበር። በመንገድና በካምፕ ያለቁት በሺዎች ይቆጠራሉ። በካምፑ ውስጥ ማንነታቸውን ደብቀው ነው የኖሩት። ከኅዳር ጀምሮ በሌሊት በአውቶቡስ ወደ ካርቱም ይወሰዱ ነበር፤ ከዚያ በአውሮፕላን በብራስልስ በኩል ወደ እስራኤል። ወደ 8,000 የሚጠጉ ሰዎች ወጡ። ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ወሬው በዓለም ጋዜጦች ወጣና ሥራው በአንድ ቀን ቆመ። ያልደረሳቸው ቀሩ። ባል ሄዶ ሚስት የቀረችበት፣ ልጅ ሄዶ እናት የቀረችበት ቤት ነበር። እኛ ከተማው ውስጥ የነበርነው ነገሩን የሰማነው በኋላ ነው፤ በምስጢር በመያዙ ነው ያን ያህል ሰው የወጣው።

ባለሱቋ፦ እሱ የዛሬ 40 ዓመት ነው ጋሼ።

ጠጋኙ፦ ኅዳር 2013 ያው ኡም ራኩባ እንደገና አልተከፈተም? ከትግራይ የመጣው እዚያ ገባ፤ ቀጥሎ ቱናይድባ ተከፈተ። ከአማራ ክልልም ሸሽቶ የመጣ አለ፤ ቅማንት አለ። ከዚያ በፊት የመጣ ኤርትራዊ አለ። አንዱ የሸሸው ሌላው የሚደግፈውን ወገን ነው፤ ሁሉም ግን አንድ ገበያ ይውላሉ፣ አንቺው ሱቅ መጥተው ያስጽፋሉ። አሁን አስቢው፤ አንድ የጥገኝነት ማመልከቻ ውስጥ ምን ምን ይጻፋል?

ባለሱቋ፦ ማን እንደመታው። ማን እንደሞተበት። የት እንደታሰረ። የወንድሞቹ ስም፣ የአባቱ ቀበሌ። አንዲት እናት አስታውሳለሁ፤ እያለቀሰች ስትነግረኝ ሦስት ጊዜ አቋርጣለች። አገር ቤት የቀረችው ልጇ ማን ቤት እንደተደበቀች ሁሉ አስጻፈችኝ። ጥያቄዬን ያጠነክርልኛል ብላ ነው።

ጠጋኙ፦ ይኸው ነው ነገሩ። የተናገረችው እናት እዚህ ናት። ስማቸው የተጻፈው እዚያ ናቸው። ዲስኩ አጉል እጅ ቢገባ መከራው የሚወርደው ሱቅሽን ረግጠው በማያውቁ፣ ስማቸው እንደተጻፈ እንኳ በማያውቁ ሰዎች ላይ ነው። እነሱ ደግሞ አጥፊልኝ ብለው ሊለምኑሽ አይችሉም። ለዚህ ነው ማንም ሳይጠይቅሽ ማድረግ ያለብሽ።

ባለሱቋ፦ ይህን እንዲህ አድርጌ አላሰብኩትም ነበር። እኔ የማስበው የራሴን ፎቶና የራሴን ሒሳብ ነው።

ጠጋኙ፦ እ.ኤ.አ. በ2022 መጀመሪያ የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ መረጃው እንደተሰረቀ ለዓለም አስታወቀ። ከ515,000 በላይ ሰዎች ናቸው፤ በጦርነትና በስደት ከቤተሰብ የተለያዩ፣ የጠፉ፣ የታሰሩ ሰዎች። ያን ያህል ባለሙያና ያን ያህል ጥበቃ ያለው ድርጅት ከተሰረቀ፣ በአህያ ጋሪ ላይ ተጭኖ ገበያ ለገበያ የሚዞር ሣጥን ምን ዋስትና አለው? ደግሞ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ካርቱም ላይ ጦርነቱ ከተነሣ ወዲህ ያየነውን አትርሺ። ከየቤቱና ከየቢሮው የተዘረፈ ላፕቶፕና ስልክ በየገበያው ተቸርችሯል። እኔም ዘንድ መጥቷል። ክፈትልኝ ሲሉኝ የማን ነው እላለሁ፤ ባለቤቱን የማይነግረኝን አልነካለትም። ዲስክ የሚከፍት ሰው የለም እንዳትዪኝ፤ እንድከፍት የተለመንኩት እኔ ነኝ።

ባለሱቋ፦ እሺ፣ አሳመኑኝ። ታዲያ ምን ላድርግ? ጎንደር ያለው ወንድሜም ሰሞኑን እዚያ ሱቅ እከፍታለሁ ስለው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ የሚባል መውጣቱን ነገረኝ፤ አዋጅ ቁጥር 1321/2016። የሰው ወረቀት የሚይዝ ሁሉ ኃላፊነት አለበት አለኝ። እዚያ የማደርገውን እዚህም ልጀምረው።

ጠጋኙ፦ መጀመሪያ የሰውን ለሰው መልሺ። ጉዳያቸው ገና ያላለቀ ደንበኞችሽን ጥሪያቸው፤ ፋይላቸውን በፍላሽ ወይም በወረቀት ውሰዱ በያቸው። የዕድሩን መዝገብ ለአዲሱ ጸሐፊ አስረክቢ። እግረ መንገድሽን ደብዳቤዎቹ በምን እንደተጻፉ እዪ፤ የድሮዎቹ በፓወር ግዕዝና በቪዥዋል ግዕዝ የተጻፉ ናቸው አይደል?

ባለሱቋ፦ አዎ፣ አሮጌው ሲፒዩ ላይ ያሉት።

ጠጋኙ፦ እነዚያ የቆዩ ስሪቶች ፊደሉን የሚያስቀምጡት በራሳቸው ቁጥር ነው። ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈቱ የላቲን ፊደልና ምልክት ድብልቅ ሆነው ነው የሚወጡት። ስለዚህ ፎንቱ ያለበት ማሽን ሳይሞት ወደ ዩኒኮድ ቀይሪያቸው፤ ካልሆነም ፒዲኤፍ አድርጊያቸው። የዕድራችሁ የ15 ዓመት ታሪክ በአንድ ማሽን እንዳይቀበር።

ቀጥሎ ማጥፋቱ ነው። የሁለቱን ሲፒዩ ዲስክ አውጥተን እኔ ኮምፒውተር ላይ እንሰካቸዋለን። «ፈጣን» የሚለውን ምልክት አንሥተን ሙሉውን ፎርማት እናደርጋለን፤ ከዊንዶውስ ቪስታ ወዲህ ሙሉው ፎርማት በጠቅላላው ዲስክ ላይ ዜሮ ይጽፋል። ሰዓታት ይፈጃል። መብራት ከተቋረጠ እንደገና ከመጀመሪያው ነው፤ ስለዚህ ከሶላሩ ባትሪ ጋር አያይዤ ነው የምሠራው። ለሌላ ሰው ፋይል ይህ ይበቃ ነበር። ለስደተኛ ፋይል ግን አይበቃኝም። ዲስክ ሲያረጅ የተበላሸ ቦታ ይኖረዋል፤ እዚያ ላይ የተጻፈውን ፎርማቱ ላይደርስበት ይችላል። ስለዚህ ከዚያ በኋላ ከፍቼ ሳሕኖቹን በመሰርሰሪያ እበሳቸዋለሁ፣ በመዶሻም አጣምማቸዋለሁ። የላፕቶፕ ዲስክ ሲሆን ሳሕኑ ብዙ ጊዜ መስታወት ነው፤ በጨርቅ ጠቅልለሽ ካልመታሽው ዓይን ያጠፋል። ማግኔት አስጠግቶ ጠፋ የሚል ሰው ካጋጠመሽ አትመኚው፤ የቤት ማግኔት ምንም አያደርገውም።

ባለሱቋ፦ የማይነሣው ላፕቶፕ ግን ኤስኤስዲ ነው ያለው፤ እርስዎ ነዎት የቀየሩልኝ።

ጠጋኙ፦ እሱ ሌላ ጠባይ አለው። የሚሽከረከር ሳሕን የለውም፤ መረጃውን በቺፖች ላይ ነው የሚጽፈው፤ ቺፖቹ ቶሎ እንዳያረጁም ራሱ ከቦታ ቦታ ያዟዙረዋል። በላዩ ላይ ሌላ ብትጽፊበት አሮጌው ቅጂ የሆነ ጥግ ሊቀር ይችላል። ፋብሪካው ያወጣው ማጥፊያ ፕሮግራም ካለ በዚያ ይጠረጋል። ከሌለ ጥቁሮቹን ቺፖች አንድ በአንድ መስበር ነው። ለወደፊቱ ግን ጎንደር ስትከፍቺ ከመጀመሪያው ቀን ዲስኩን በምስጢር ቁልፍ አስቆልፊው፤ ያኔ ማሽኑ ቢሰረቅም ያለ ቁልፉ አይነበብም።

ባለሱቋ፦ እንግዲህ በዚህ አለቀ።

ጠጋኙ፦ ፎቶ ኮፒውስ?

ባለሱቋ፦ ፎቶ ኮፒው ምን አለበት? እሱ እኮ ኮምፒውተር አይደለም።

ጠጋኙ፦ ያንቺ ትልቁ ዓይነት ነው፤ ስካንም ፕሪንትም የሚያደርገው። ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ ዲጂታል ማሽኖች በሆዳቸው ሃርድ ዲስክ አላቸው፤ ያነሡትን ወረቀት ምስል እዚያ ያስቀምጣሉ። ሲፒዩው ያልያዘውን እሱ ይዞት ሊሆን ይችላል፤ ደንበኛው ወረቀቱን ኮፒ አስደርጎ ወደ ቤቱ ሲሄድ ምስሉ ማሽኑ ውስጥ ቀርቷል። ነገ እከፍተዋለሁ፤ ዲስክ ካለው ከሌሎቹ ጋር ይሰበራል። ማታ ደግሞ ስልክሽን ያዢና ቴሌግራምና ዋትሳፕ ላይ የተያያዙ መሣሪያዎች የሚለውን ክፈቺ፤ የሱቁን ኮምፒውተር ከዚያ አስወጪው።

ባለሱቋ፦ ከዚህ በኋላ የሚቀረው ባዶ ሣጥን ነው። እሱን ለልጁ ልስጠው? ድሃ ነው ጋሼ። እንጀራው ይህችው ኹርዳ ናት፤ በኔ ምክንያት ባዶ ጋሪ እንዲመለስ አልፈልግም።

ጠጋኙ፦ እኔም አልፈልግም። ልጁ ለከተማው ሥራ ነው የሚሠራለት፤ እሱ ባይኖር ብረቱ ሁሉ በየጉድጓዱ ነበር የሚቀረው። የሣጥኑን ቆርቆሮ፣ የማቀዝቀዣውን አልሙኒየም ስጪው። የኬብሉን መዳብ ግን እዚሁ ሱቄ ውስጥ ላስቲኩን በቢላ ገፍፌ ንጹሑን አስረክበዋለሁ። ያለዚያ ምን እንደሚያደርግ ታውቂያለሽ፤ ጎማ አንድዶ ኬብሉን እሳት ውስጥ ይጨምረዋል። ላስቲኩ ፒቪሲ ነው፤ ሲቃጠል ዳዮክሲን የሚባል መርዝ ይወጣዋል። ጭሱን የሚስበው ራሱ ልጁ ነው። ከማዘርቦርዱ ደግሞ የብየዳው እርሳስ ከአመዱ ጋር መሬት ላይ ይቀራል። ለልጅ አእምሮ ጉዳት የማያመጣ የእርሳስ መጠን እንዳልተገኘ የዓለም ጤና ድርጅት ይናገራል።

ባለሱቋ፦ ዝናብ ሲመጣስ ታጥቦ ይሄዳል እኮ።

ጠጋኙ፦ ወዴት ነው የሚሄደው? የገዳሪፍን ውኃ አንቺም ገዝተሽ ትጠጫለሽ። ከተማው ከጥንት ጀምሮ ውኃ የሚቸግረው ነው፤ በገጠሩ ሰዉም ከብቱም የሚኖረው ክረምት ላይ ሐፊር በሚባለው የተቆፈረ ኩሬ ውስጥ በተጠራቀመ ጎርፍ ነው። ይህ መረሬ አፈር ውኃ አያሰርግም፤ ከላዩ ያለውን ሁሉ ጠርጎ ወደ ሐፊሩ ነው የሚነዳው። ሰኔ ላይ የታጠበው አመድ ታኅሣሥ ላይ የሚጠጣ ነው። አክራ ከተማ አግቦግብሎሺ የሚባል ቦታ ነበር፤ ከአውሮፓና ከአሜሪካ የመጣ አሮጌ ኮምፒውተር ለዓመታት የተቃጠለበት። እ.ኤ.አ. በ2021 መንግሥት አፈረሰው፤ ሥራው ግን ወደ ሌላ ሰፈር ተዛወረ እንጂ አልቆመም። እዚህ የአክራን ያህል ክምር የለም፤ ግን ሳይከመር ማስቆም ይቻላል። ደግሞ ምሥራቅ ሱዳን ወርቅ በሜርኩሪ የሚለይ ሰው ብዙ ነው። በአንድ ቶን ማዘርቦርድ ውስጥ ያለው ወርቅ በአንድ ቶን የወርቅ አፈር ውስጥ ካለው ይበልጣል። ይህ ወሬ ሲስፋፋ በየግቢው በአሲድ ቦርድ የሚያጥብ እንዳይነሣ እሰጋለሁ።

ባለሱቋ፦ ሆዳሙ ሞኒተርና ዩፒኤሱስ?

ጠጋኙ፦ ሞኒተሩ እንዳይሰበር። መስታወቱ ውስጥ ጨረር የሚያግድ እርሳስ አለ፣ በኪሎ የሚቆጠር። ከሶኬት ተነቅሎም ቢሆን በውስጡ ኃይለኛ ኤሌክትሪክ ይዞ ይቆያል፤ ለመዳቡ ብሎ የሚሰብረው ልጅ ሊገደል ይችላል። የዩፒኤሱን ባትሪ ሳይከፈት እንዳለ ለመኪና ባትሪ ነጋዴ ነው፤ አሲዱን የሚደፋ ከሆነ አትስጪው። የላፕቶፑን ባትሪ ነቅለሽ ለብቻው አስቀምጪ፤ ሊትየም ነው፣ ያበጠ ከሆነም አትጫኚው። በሚያዝያ ሙቀት፣ 40 ዲግሪ ላይ፣ ጋሪ ላይ እሳት ያስነሣል።

ባለሱቋ፦ እኔ ደግሞ የማስበው ሁሉንም ጭኜ መተማ ላሻግረው ነበር። አዲስ አበባ አቃቂ አሮጌ ኮምፒውተር የሚያድስና የሚፈታታ ማዕከል ተቋቁሞ ነበር ሲባል ሰምቻለሁ። የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አወጋገድ ደንብም ወጥቷል፤ ቁጥር 425/2010።

ጠጋኙ፦ የሚሠራው አንዱ ሲፒዩ የጉዞ ዕቃሽ ነው፤ ይዘሽው ብትገቢ ንብረትሽ ነው። የሞተው ግን ከሞተ ጀምሮ ቆሻሻ ነው፤ ቆሻሻ ድንበር የሚሻገረው ደግሞ በሕግ ነው። የባዝል ስምምነት የሚባል አለ፣ እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀ። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2000፣ ሱዳን በ2006 ገብተውበታል። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ደግሞ ማንኛውም የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ፣ መርዛማ ተባለም አልተባለም፣ ተቀባዩ አገር ቀድሞ ሳይፈቅድ እንዳይሻገር ተደንግጓል። ሕጉ የወጣው ለኛ ለደሃዎቹ ነው፤ ሀብታሞቹ አገሮች ቆሻሻቸውን እንዳይጭኑብን። እኛው በገላባት ብናፈርሰው ማን ያከብርልናል?

ባለሱቋ፦ የሚሠራውን ሲፒዩ እንግዲህ ለካምፕ ትምህርት ቤት ልስጠው?

ጠጋኙ፦ ስጪው፤ ግን በአግባቡ። ዊንዶውስ 10ን ከጥቅምት 4 ቀን 2018 ወዲህ ማይክሮሶፍት ማደስ አቁሟል፤ አዲሱን ደግሞ ያ ማሽን አይችለውም። ሊኑክስ እጭንበታለሁ፤ የአማርኛና የትግርኛ ኪቦርድ አለው፣ ለልጆች ጽሕፈት ይበቃል። እኔ ዘንድ ካለው ንጹሕ ዲስክ አንዱን እገጥምለታለሁ። አንድ ወር የማይቆይ ማሽን ስጦታ ብሎ መስጠት ግን ቆሻሻን በሌላ ሰው ደጅ መድፋት ነው። ከውጭ ያሉ ዘመዶቻችንም ይህን ቢያውቁልኝ ደስ ይለኛል። ቻርጀር የሌለው፣ ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ በሻንጣ ይልካሉ፤ በፍቅር ነው፣ አውቃለሁ፤ መጨረሻ የሚቃጠለው ግን እኛ ዘንድ ነው።

ባለሱቋ፦ ቦርዶቹስ? ሞኒተሩስ? እዚህ የሚረከብ የለም፤ አልሸጠውም፣ አላቃጥለውም፣ አላሻግረውም ካልኩ የት ይግባ?

ጠጋኙ፦ እኔ ዘንድ። ደረቅ ቦታ፣ በርሜል ውስጥ፣ ክዳኑ ተገጥሞ ይቀመጣል። ይህ መፍትሔ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ከሐፊሩ ግን ይርቃል። እ.ኤ.አ. በ2022 ዓለም 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አውጥታለች፤ በአግባቡ ተሰብስቦ የታደሰው 22.3 በመቶው ነው፤ በአፍሪካ 1 በመቶ አይሞላም። ያን ክፍተት አንድ ጠጋኝ በበርሜል አይደፍነውም። ገዳሪፍ ውስጥ ኮምፒውተር በብዛት ያስገባው ማን እንደሆነ ደግሞ ሁላችንም እናያለን፤ በስደተኛ ስም የሚሠሩ ቢሮዎች ናቸው። ፕሮጀክት ሲዘጋ በጨረታ ይሸጡታል፤ ከዚያ ወዲያ የት እንደደረሰ የሚጠይቅ የለም። እነሱ መኪና አላቸው፣ በጀት አላቸው፣ ፖርት ሱዳን ድረስ የሚጭኑበት መንገድ አላቸው። የስደተኛን ስም ጽፈው በያዙበት ማሽን ላይ ከኔና ካንቺ የበለጠ ኃላፊነት የነሱ ነው። ከመሄድሽ በፊት አንድ ማመልከቻ ጻፊልኝ፤ ሱቁ ሳይዘጋ የመጨረሻው ይሁን። ለየቢሮው እኔ አደርሰዋለሁ። ይህን በይበት፦ ወደ ገዳሪፍ ያስገባችሁትን ኮምፒውተር ዲስኩን እዚሁ በምስክር ፊት ሰብራችሁ፣ ቀሪውን በሕጉ መሠረት ከአገር ይዛችሁ ውጡ፤ የከተማውን የጠጋኞችና የኹርዳ ሰብሳቢዎች በርሜልም አብራችሁ ጫኑ።